ከፊት ሩሀማ፣ ከኋላ ምንያህል

ሩሀማ ከፊት ትሄዳለች፤ ምንያህል ከኋላ ይከተላል። በመካከላቸው ሀያም ሠላሳም ሰው ይኖራል። የነዚህ ልጆች ፍቅር እንዲህ ተራርቆ የሚሄድ ፍቅር ነበር፣ ልጆቼ። ተያይዞ መሄድ ለሌላው ነው፤ ለእነሱ ሥራቸው አልፈቀደላቸውም።

ሥራቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እንግዳ ሰብስቦ ሐዋሳን በእግር ማስጎብኘት ነው። ጉብኝቱ «የፕሬዚዳንቶቹ መንገድ» ይባላል። የቀድሞ ፕሬዚዳንቶች በከተማዋ ያደሩበትን፣ ያረፉበትን፣ ችግኝ የተከሉበትን ቦታ እያሳዩ ከገብርኤል አደባባይ ይነሳሉ፣ አዲስ ከተማ ሰፈርን ያቋርጣሉ፣ ታቦር ተራራን ይወጣሉ፣ ከዚያ ወደ ሐይቁ ወርደው ጉዱማሌ መናፈሻ ላይ ያበቃሉ። የሰዎቹን ስም እዚህ መደርደር አያስፈልግም። ይሄ ታሪክ የእነሱ አይደለም።

ከፊት ያለው አስጎብኚ ይናገራል። ከኋላ ያለው ደግሞ ማንም እንዳይጠፋ ይጠብቃል፤ የጫማውን ክር የሚያስር ካለ ቆሞ ያስጨርሰዋል፣ ፎቶ የሚያበዛ ካለ ያጣድፈዋል። በዚያ ሁሉ ሰው አናት ላይ መጯጯህ ደስ ስለማይል ሁለቱ በምልክት ይነጋገራሉ። ሩሀማ ቢጫ ጃንጥላዋን ከፍ ስታደርግ «ሁሉም አለ?» ማለቷ ነው። ምንያህል እጁን ካነሳ «አለ»። ጆሮውን ከያዘ «አልሰማንም፣ ድገሚው»። እጁን ደረቱ ላይ ካደረገ ደግሞ «የደከመ ሰው አለ፣ ቀስ በይ»።

ከጊዜ በኋላ ታዲያ ማንም ሳይደክም እጁን ደረቱ ላይ ማድረግ ጀመረ። ሩሀማ ዞራ የደከመውን ሰው ትፈልጋለች፤ ታጣለች። ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ። ጉንጯ ይሞቃታል፣ የጀመረችው ነገርም ከአፏ ይጠፋል።

የተገናኙትም እዚሁ መንገድ ላይ ነው። ምንያህል የደብረ ታቦር ልጅ ነው። ታሪክ ሊማር ዩኒቨርሲቲ መጥቶ፣ ተመርቆ ሲያበቃ አገሩ አልተመለሰም። ከደብረ ታቦር መጥቶ ታቦር ላይ ቀረ እያሉ ጓደኞቹ ይቀልዱበታል። አንድ ቅዳሜ እንደማንኛውም ሰው ከፍሎ ሊጎበኝ መጣ። ግን እግራቸውን የሚያማቸውን አንድ የማያውቃቸውን አዛውንት ደግፎ ሲሄድ ሙሉ ጠዋቱን ከኋላ ቀረ። መጨረሻ ላይ ሩሀማ ቀረበችው።

«ግማሹን ሳትሰማ ቀረህ እኮ» አለችው።

«የሰማሁት ይበቃኛል። ግን ያንን ዛፍ ፕሬዚዳንቱ በእጃቸው እንደተከሉት በምን አወቅሽ?»

«ሰው ነዋ የነገረኝ።»

«የትኛው ሰው?»

«አንተ ደግሞ ፖሊስ ነህ እንዴ?»

ተሳሳቁ። ዛፉ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ያለ ዛፍ ነው። ያን ዕለት ተማሪዎቹ ከጎኑ የተከሏቸው ሁሉ አልፈውት ሄደው የፕሬዚዳንቱ ግን ቀጫጫ ሆኖ ቀርቷል፤ ሩሀማ ይህን ስትናገር ሰው ሁሉ ይስቃል። ምንያህል በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣ፣ አሁንም ከኋላ። እንዲህ ሲመላለስ የአስጎብኚዎቹ ማኅበር «ይሄ ሰው ከሚከፍለን ብንከፍለው ይሻላል» ብሎ ቀጠረው።

ሁለት ዓመት አብረው ሠሩ። የፍቅርን ቃል ግን አንዳቸውም አላወጡትም።

የሩሀማ አባት አቶ አልአዛር አዲስ ከተማ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናቸውም የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ምንያህል ደግሞ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም፣ በገብርኤል ደጃፍ ሲያልፍ የሚሳለም ልጅ ነው። ተናግሬ በአባቷና በእኔ መካከል ለምን አስጨንቃታለሁ ይላል በልቡ። እሷም በበኩሏ፣ ሊናገር ያልፈለገ ሰው አንድ ቀን ሻንጣውን ይዞ አገሩ የሚገባ ሰው ነው ብላ ትሰጋለች። እንዲህ ሆነው፣ እያንዳንዳቸው ለሌላው እያሰቡ፣ ዝም ተባብለው ከረሙ።

ጣጣው የመጣው ከታቦሩ ቤት ነው።

በታቦር ግርጌ፣ አጥሩን ሐረግ የወረሰው አንድ አሮጌ ቤት አለ። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑ ሰው፣ ገና ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ሳሉ፣ አንድ ክረምት እዚያ ክፍል ተከራይተው ኖረዋል። የሚታወቀው ይኸው ነው። ሩሀማ በር ላይ ቆማ ሁለት አረፍተ ነገር ትናገርና ታልፍ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ዝናብ ጥሎ መንገዱ ጨቅይቷል፤ ሰው ደክሞታል፣ ማዛጋት ጀምሯል። ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ሴትዮ ያኔ ሰውየው ሚስት ነበራቸው ወይ ብላ ጠየቀች። ሩሀማ የሰው ፊት ሲፈዝባት አትወድም። ሚስት እንዳልነበራቸው ተናገረች። ቀጥላ የቤቱ ባለቤት አንዲት ልጅ ነበረቻቸው አለች፤ ይህም እውነት ነው። ልጅቱ ለሰውየው የሚታጠቡበትን ሙቅ ውሃ ታቀርብላቸው ነበር አለች። ሰዎቹ ቀና ቀና አሉ። ያኔ ምላሷ ሳታዘው ቀደማት፤ ሰውየው ሲሄዱ ልጅቱ እዚህ በር ላይ ቆማ አለቀሰች፣ እስከ ዛሬም ሳታገባ ቀረች ይባላል አለች።

ይባላል። ማን ነው ያለው? እሷው ናት።

ሴትዮዋ ዓይኗን ጠረገች። ከሰዉ ሁሉ ኋላ ግን ምንያህል ጆሮውን ይዞ ቆሟል። ድምጿ በደንብ እየተሰማ ጆሮውን ያዘ። አየችው፤ እንዳላየች ሆና ጃንጥላዋን አንስታ ቁልቁል ወረደች።

ወሬ እንደምታውቁት ነው፣ አንዴ ከወጣ አይመለስም። በሚቀጥለው ሳምንት ታሪኩ ላይ ሰውየው ለልጅቱ የሰጧት አንድ ሻርፕ ተጨመረበት፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የተገባ ቃል። አንዱ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። የፕሬዚዳንቶቹ መንገድ ሰው ሞላው። ሐይቁም፣ ዛፉም፣ ጉዱማሌም ቀርተው ሁሉም የሚጠይቀው «ያቺ ያለቀሰችው ልጅ» የቆመችበትን በር ሆነ።

ያቺ ልጅ ደግሞ አለች። እማማ ጸሐይወርቅ ይባላሉ። ፀጉራቸው ነጥቶ፣ ከአንዲት ድመት ጋር እዚያው ቤት ይኖራሉ። ሰው በራቸው ላይ ቆሞ ፎቶ ሲነሳ በመጋረጃው ቀዳዳ ያያሉ።

አንድ ቅዳሜ እንግዶቹ ከተበተኑ በኋላ ምንያህል ሩሀማን ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳር አስቀመጣት። ፊቱ ልክ አልነበረም።

«እማማ ጸሐይወርቅ ሐውልት እኮ አይደሉም» አላት። «በሕይወት ያሉ ሴት ናቸው። ያልኖሩትን ኑሮ አሸከምሻቸው።»

«ምን ጎዳኋቸው? ሰው እንዲወዳቸው ነው ያደረግኩት።»

«ጠየቅሻቸው?»

አልጠየቀቻቸውም። መልስ ያጣ ሰው ደግሞ ያገኘውን ይወረውራል።

«አንተ ሁልጊዜ እውነት እውነት ትላለህ» አለች። «እሺ፣ እኔ የማላውቀውን እናገራለሁ። አንተ ደግሞ የምታውቀውን አትናገርም። ከሁለታችን ማን ይብሳል?»

ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶታል። ወደ ውሃው ዞረ። አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ትልቁ ራሰ በራ ወፍ፣ ጡረታ እንደወጣ ዳኛ ትከሻውን ሰብስቦ በአጠገባቸው አለፈ። ሌላ ቀን ቢሆን ይስቁ ነበር። ሩሀማ ጠበቀች፤ አንድ ቃል ብቻ ጠበቀች።

«አርባ ምንጭ ሥራ አግኝቻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ሙዚየም ነው። በወሩ መጨረሻ እሄዳለሁ።»

«ይቅናህ» አለችና ተነሳች። ባጃጅ አስቁማ ገባች፤ ሹፌሩ በመስታወቱ እንዳያያት ፊቷን ወደ ውጭ አድርጋ እስከ ቤቷ አለቀሰች።

ቀጣዩ ቅዳሜ ከባድ ነበር። ሥራ ነውና ሁለቱም መጡ። ጃንጥላው ይነሳል፣ እጅ ይነሳል፤ ሌላ ምልክት የለም። ታቦሩ ቤት ሲደርሱ ሩሀማ ሻርፑንም ቃሉንም ዘለለች። ሰዉ ግን ታሪኩን ከስልክ ያውቀዋልና እርስ በርሱ ተነጋገረው፤ እሷ ያላለችው ሌላ ሁለት ነገር ሁሉ ጨመረበት። ያኔ ነው ከእጇ እንደወጣ የገባት።

በዚያው ሳምንት እማማ ጸሐይወርቅ ጎረቤት ላኩ። ያቺ ጃንጥላ የምትይዘው ልጅና ከኋላ የሚመጣው ልጅ ሁለቱም ይምጡልኝ አሉ። ሩሀማ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ስትደርስ ምንያህል በሩ ላይ ቆሟል። እዚያ በር ላይ ያን ያህል ቅዳሜ ሲመጡ ጎን ለጎን ቆመው አያውቁም፤ ሁለቱም አንድ ላይ አንኳኩ።

እማማ ጸሐይወርቅ አስገብተው አስቀመጧቸው። ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ፣ ሻይ በብርጭቆ አቀረቡ። ሩሀማ ድንቹን ሳትነካ ይቅርታዋን ጀመረች፤ ሌሊቱን ስታጠናው ያደረች ይቅርታ ነው። እማማ እጃቸውን አነሱ።

«አፊኒ?» አሉ።

እማማ በእናታቸው ሲዳማ ናቸው። በሲዳማ ወግ ሰው ነገሩን ከመጀመሩ በፊት እንዲህ ብሎ ይጠይቃል፤ «ሰምታችኋል ወይ?» እንደማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ሰው ዝም ብሎ ይሰማል፤ ተናጋሪው ሳይጨርስ አያቋርጠውም። ሩሀማ የሲዳማ ልጅ ናትና ይህን ታውቃለች። ይቅርታዋን ዋጠችና ጆሮዋን ሰጠች።

እማማ በዝግታ አወሩ። ሰውየው አንድ ክረምት ኖረዋል፣ እውነት ነው። ሙቅ ውሃም አቅርበውላቸዋል። ሰውየው ጨዋ ነበሩ፤ እግዜር ይስጥልኝ ይላሉ፣ መጽሐፋቸውን ያነባሉ፣ ይተኛሉ። በቃ። ግን በግድግዳው ማዶ፣ በሌላው ክፍል፣ ገብረጻድቅ የሚባል ቀያሽ ነበር። መንገድ ሲለካ ውሎ ጫማው ጭቃ ለብሶ ይመጣል። ሦስት ዓመት ተቀመጠ። ምሽት ላይ ደጅ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል፤ እሳቸውም በርበሬ እየለቀሙ ይቀመጣሉ። ሰላሳ ቃል ተነጋግረው ላይሆን ይችላል፤ ደስ ይላቸው ነበር ግን። አንድ ቀን ወደ ጅማ ተዛወረ። ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ደህና ሁኚ አለኝ፤ ደህና ሁን አልኩት» አሉ እማማ። «ያውቃል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እሱም ታውቃለች ብሎ ይሆናል። ስንት ዘመኔ፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።»

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«እንግዲህ አንቺ ልጅ፣ ስለ ገብረጻድቅ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ለፕሬዚዳንቱ ሲል ግን ሰው በሬን አንኳኳ፣ ጎረቤትም ሰላም ይለኝ ጀመር። ስለዚህ አልተቀየምኩሽም፤ ትንሽ ደስም ብሎኛል። አለቀሰች ያልሽውን ብቻ አንሺልኝ። ለእሳቸው አላለቀስኩም። እንባዬን ለማይገባው ሰው ሰጠሽብኝ።»

ከዚያ ወደ ምንያህል ዞሩ።

«አንተስ? በመጋረጃዬ ሳይህ ነው የከረምኩት። ሰው ሁሉ በሬን ያያል፤ አንተ እሷን ታያለህ። ነግረሃታል?»

ምንያህል ወደ መሬት አየ። «ታውቃለች» አለ በቀስታ።

እማማ ድመቷን አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ትክ ብለው አዩት፤ እሱም የተናገረውን መልሶ ሰማው።

ሲወጡ ፀሐይ ወደ ሐይቁ ዘንበል ብላለች። ሩሀማ ልትሄድ ስትል ምንያህል እጅጌዋን ያዘ።

«አፊኒ?» አላት፤ የደብረ ታቦር አፉ ቃሉን አጣሞት። እሷም አልሳቀችበትም። ልትሰማው ዞራ ቆመች።

«እወድሻለሁ» አለ። «ይህን ከማንም አልሰማሁትም፣ ማስረጃውም እኔው ነኝ። አባትሽን ፈራሁ፣ አንቺን ማስጨነቅ ፈራሁ፣ ቤተሰቤንም ፈራሁ። ደግሞ ያን ቀን ዋሽቼሻለሁ። አርባ ምንጮቹን ሥራ ስጡኝ ብዬ ጠየቅኳቸው እንጂ ገና አልመለሱልኝም። የዋሸሁት እንድታስቀሪኝ ብዬ ነው።»

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«ስለ እውነት ስትጨቀጭቀኝ የከረምከው ሰውዬ ዋሽተህ አስለቀስከኝ?» አለች። ግን እጇ እጁ ውስጥ ነበር። ቀጥላም «አባዬንስ ምን ልናደርገው ነው?» አለች። እሱም ይህን እንደ መልስ ቆጠረው።

ከዚያ በኋላ ሩሀማ በዚያ በር ላይ የምትናገረው አጠረ። ፕሬዚዳንት የሆኑ ሰው አንድ ክረምት እዚህ ኖረዋል፤ የቆማችሁበትን መንገድ የለካው ሰውም አጠገባቸው ይኖር ነበር፤ ስሙ ገብረጻድቅ ነው ትላለች። የእማማን ፈቃድ ጠይቃ ነው። አንዳንዱ እንግዳ «ያ የፍቅሩ ታሪክስ?» ብሎ ያጉረመርማል። የመጣው ሰው ቁጥር ቀነሰ፤ ማኅበሩም ቅር አለው። እሷ ግን ቀለል አላት።

ለሽምግልናው ነገር ምንያህል ደብረ ታቦር ደወለ። አባቱ፣ ሃይማኖታችሁ ሲለያይ እኔ ምን ልበል፣ ልጅ አይደለህም፣ እዚያው ደህና ሽማግሌ ፈልግ አሉት። አከራዩን አቶ ታምሩን፣ የሰፈሩን ባለ ሱቅ አቶ ጠሀን ለመነ። ሦስተኛዋ እማማ ጸሐይወርቅ ሆኑ፤ ማንም ሳይለምናቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው።

አቶ አልአዛር ሳሎን ውስጥ ተቀብለው አስቀመጧቸው። የመጡበትን ሰሙ። ሩሀማ ከመጋረጃው ጀርባ ጓዳ ውስጥ ናት።

«ሴት ሽማግሌ ሆና ስትመጣ ዛሬ ማየቴ ነው» አሉ አቶ አልአዛር።

«ለእኔ የሚመጣልኝ ሳይገኝ አረጀሁ፣ አቶ አልአዛር» አሉ እማማ። «እንዲያው ለሰው እንኳ ልምጣ ብዬ ነው።»

አቶ ጠሀ ፈገግታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። አቶ አልአዛር ግን አልሳቁም። ልጁን በሩቅ እንደሚያውቁት፣ ሥርዓት ያለው ልጅ እንደሆነ ተናገሩ። ግን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ፣ ለሌላው ልጅ ስመክር የኖርኩትን በራሴ ልጅ ላፍርስ ወይ አሉ። ደግሞም አሉ፣ ይቺ ልጅ ስለ ሰው ሁሉ ስታወራ ነው የምትውለው፤ ስለዚህ ልጅ ግን አንድ ቀን አፏን ከፍታ አታውቅም፤ ብትወደው ኖሮ እሰማ ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ እዚህ ላይ ቢቀር ይሻላል።

አቶ ታምሩ አንገታቸውን ደፉ። ሽማግሌ እንዲህ ከተባለ ተነስቶ መሄድ ነው።

«ጠይቀዋት ያውቃሉ?» አሉ እማማ ጸሐይወርቅ፣ ሳይነሱ።

«አልጠየቅኋትም።»

«እንግዲያው እዚሁ አለች አይደል? ትጠየቅ።»

እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ቤት ተደርጎ አያውቅም። አቶ አልአዛር ጥቂት አሰቡና ልጃቸውን ጠሩ። ሩሀማ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ለማታውቀው ሕዝብ ጠዋቱን ሙሉ ስትናገር ድምጿ የማይነቃነቅ ልጅ የመጋረጃውን ጫፍ ሳትለቅ ቆመች። ሰው የሞላበት መድረክ ቢሰጣት ትመርጥ ነበር። አሁን የሚታዩአት አባቷ ብቻ ነበሩ፤ ሕፃን ሳለች ትከሻቸው ላይ አድርገው ሐይቁን ያሳዩዋት፣ ከሰው ሁሉ እሳቸውን ብቻ የምትፈራቸው አባቷ።

«አባዬ፣ እወደዋለሁ» አለች። «እምነቱ የእሱ ነው፣ የእኔም የእኔ ነው፤ እንዴት እንደሚሆን ገና አላወቅነውም። ሌላውን ሁሉ ቀስ ብለን እንማከራለን። እሱን መውደዴን ግን ከሌላ ሰው እንድትሰማው አልፈለግኩም።»

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁ።»

«እኔን?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። አቶ አልአዛር እጆቻቸውን አዩ፤ ጨርቅ ሲለኩና ሲቆርጡ የኖሩ እጆች ናቸው። ልጃቸው ትፈራቸዋለች ብለው አስበው አያውቁም ነበር። ከውጭ አንድ ባጃጅ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ።

«እሺ አላልኩም» አሉ በመጨረሻ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው። «እምቢም አላልኩም። የሚቀጥለው እሁድ ከአምልኮ በኋላ ተመለሱ። ልጁንም ይዛችሁት ኑ፤ ከሩቅ ሰላም ማለቱ ይብቃውና እዚህ ተቀምጦ ያነጋግረኝ።»

እማማ ጸሐይወርቅ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱ። በር ላይ ሲደርሱ አቶ አልአዛር ልጃቸውን ወደ ጎን ጠጋ አሏት፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ቁጣም እንደ ሐፍረትም በሆነ አነጋገር።

«ዓሣ ይበላል?»

«ጾም ካልሆነ ይበላል፣ አባዬ። እሁድ ይበላል።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ከሥራ ስትመለሺ በአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ በኩል ነይ» አሏት። «ትልቅ ትልቁን ምረጪ።»